በስማችን የምትጠራው ድመት

«ቺስ ስዊት ሆም» በሚባለው የጃፓን ማንጋ ውስጥ ይሄ ነው የሚባል ነገር አይፈጠርም። አንዲት የድመት ልጅ ከእናቷ ተለይታ ትጠፋለች። ዮሄይ የሚባል ሕፃን ከእናቱ ጋር ሆኖ ያገኛታል፤ ቤት ይወስዷታል። የሚኖሩበት አፓርታማ ውስጥ እንስሳ ማሳደር ክልክል ነው። የሚወስዳት ሰው እስኪገኝ ብለው ያስጠጓታል፤ ሰው አይገኝም፤ ከአከራይዋ እየደበቁ አብረው መኖር ይጀምራሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ድመቷ ዕቃ ስትቧጥጥ፣ ካርቶን ውስጥ ስትገባ፣ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ ብላ ስትቀየም ነው። ስሟ እንኳ የወጣው በአጋጣሚ ነው። ዮሄይ ገና ፖፖ ላይ መቀመጥ እየተለማመደ ስለሆነ ሽንት ለማለት የሚጠቀሙበት የሕፃን ቃል ከቤቱ አይጠፋም፤ ድመቷ «ቺ» የምትለዋ ድምፅ እሷን የምትጠራ መሰላት፤ ቺ ሆና ቀረች። እኛ ቤት ብትሆን «ሺሺ» ተብላ ቀርታ ነበር ማለት ነው።

ደራሲዋ ኮናሚ ካናታ ትባላለች። ሥራዋ ከ2004 እስከ 2015 ድረስ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) ኮዳንሻ በሚያሳትመው «ሞርኒንግ» የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ሲወጣ ቆይቶ በ12 ጥራዝ ተጠናቀቀ። በ2008 ማድሃውስ ወደ አኒሜ ቀየረው፦ 104 ክፍል፣ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ መሆኑን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ የፋይል መጠን አያለሁ። አማራ ክልል ሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ፀዳ ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ፣ ለእህቴ ልጆች በፍላሽ የምይዝላቸው ቀላሉ ነገር ይሄ ነበር።

ፀዳን ለማያውቅ፦ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ «ጠዳ» ብለው የሚጽፏትም አሉ። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ድመት አለች። የማን ናት ቢባል የማንም ናት፤ ጠዋት እኛ ጋ፣ ቀን ጎረቤት፣ ማታ ወፍጮ ቤቱ አካባቢ። ስለዚህ የቺ ቤተሰቦች ከአከራይ ሲደብቋት ልጆቹ ነገሩ አልገባቸውም። ድመት ምን ብላ ትደበቃለች? ድመት የግቢ ናት እንጂ የሰው ናት እንዴ? ታላቅየዋ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣች። «ጋሼ፣ የጃፓን ድመት እንዲህ ከሆነች፣ የኢትዮጵያ ድመትስ የቷ ናት?»

ጥያቄው ስለ ጃፓን ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ ወረቀቱ ሞልቷል። በ889 ንጉሠ ነገሥት ኡዳ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ ስለ ጥቁር ድመታቸው ጽፈዋል። ድመቷ ከቻይና የመጣች፣ መጀመሪያ ለአባታቸው የተበረከተች፣ ከአባታቸው ወደ እሳቸው ያለፈች ናት። ንጉሡ ያኔ ዕድሜያቸው ከ22 ብዙም አይርቅም፤ ከኔ ያንሳሉ። የሌሎች ድመቶች ቀለም ፈዛዛ ሲሆን የእሳቸው እንደ ቀለም የጠቆረች መሆኗን፣ ስትተኛ እንዴት ተጠቅልላ እንደምትተኛ፣ ስትራመድ ኮቴዋ እንደማይሰማ፣ በየቀኑም የወተት ገንፎ እንደሚሰጧት በዝርዝር ያወራሉ። አንድ ንጉሥ፣ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት በፊት፣ ድመቴ እንዲህ ናት ብሎ መጻፍን እንደ ነውር አልቆጠረውም።

ከዚያ ሰንሰለቱ አይቋረጥም። ድመት ብርቅ ስለነበረች በገመድ ታስራ ትያዝ ነበርና በ1602 ኪዮቶ ውስጥ ድመቶች ይፈቱ የሚል ትእዛዝ ወጣ፤ አይጥ አስቸግሯል። በ1905 ናትሱሜ ሶሴኪ ስም የሌላት ድመት የምትተርከውን ልብ ወለድ በመጽሔት ማውጣት ጀመረ። በ1984 ማኮቶ ኮባያሺ «ዋትስ ማይክል?» የተባለውን ማንጋ እዚያው «ሞርኒንግ» ላይ ጀመረ፤ ማይክል ብርቱካንማ ድመት ነው፤ ሥራው በ1986 የኮዳንሻን የማንጋ ሽልማት አገኘ። ቺ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካናታ ድመቷ ካርቶን ውስጥ ስትገባ ብቻ የሚያሳይ ክፍል ስትሠራ፣ ይሄ ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቃት አንባቢ አልነበረም። አንባቢው ለዘመናት ለምዶታል።

የኛ ሊቃውንት ጃፓንን ሲያዩ ሌላ ነገር ነበር የሚታያቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የ1931ዱ ሕገ መንግሥታችን ከጃፓኑ የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ እንደወሰደ የታወቀ ነው። ፋብሪካው፣ ሕጉ፣ ጦሩ። አይፈረድባቸውም፤ ጣልያን አፍንጫችን ሥር ነበር። እኔ ግን ከጃፓን በተቀዳ ብዬ የምመኘው ያቺን የወተት ገንፎ ነው።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። ስልክ ላይ ብትፈልጉ መልሱ በሰከንድ ይመጣል፦ «አቢሲኒያን»። ቀጭን፣ ጡንቻማ፣ ጆሮ ትልቅ፣ ዓይን የለውዝ ቅርጽ ያለው። ፀጉሯ ባለ መስመር አይደለም፤ እያንዳንዱ ነጠላ ፀጉር ላይ ፈዛዛና ጥቁር ቀለም ስለሚፈራረቅ ከሩቅ ስትታይ እንደ ሚዳቋ ትመስላለች። በዓለም ላይ በጣም ከሚታወቁት የድመት ዝርያዎች አንዷ ናት። ቶኪዮም፣ ለንደንም፣ ኒውዮርክም በውድ ትሸጣለች። ፀዳ ግን የለችም። የኛዋ እግሯ ላይ ቀለበት ቀለበት የሆነ ጥቁር መስመር አላት፤ ግንባሯም ላይ እንደዚሁ። አንዷ ሌላዋን አትመስልም።

ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? ጎርደን ስቴብልስ የሚባል ስኮትላንዳዊ የባሕር ኃይል ሐኪም በ1874 ስለ ድመቶች መጽሐፍ አሳተመ። ውስጡ የአንዲት ድመት ባለ ቀለም ሥዕል አለ። ስሟ ዙላ ነው። የካፒቴን ባሬት ሌናርድ ሚስት ንብረት እንደሆነች፣ ጦርነቱ ሲያበቃም ከአቢሲኒያ እንደመጣች ተጽፎላታል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገ የድመት ውድድር፣ አንዲት «አቢሲኒያን» ሦስተኛ ወጥታ ነበር፤ «ሃርፐርስ ዊክሊ» የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ በጥር 1872 ዕትሙ ላይ ባለፈው የአቢሲኒያ ጦርነት የተማረከች ናት ብሎ ጽፏል። አንድ የሥዕል መግለጫና አንድ የጋዜጣ ወሬ ነው እንግዲህ። የዝርያው የትውልድ ሐረግ በሙሉ የተንጠለጠለው እነዚህ ላይ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይሄን ስሜት ያውቀዋል፤ አንድ ሰው ድሮ በችኮላ የጻፈው አንድ መስመር፣ ማንም ሳይመረምረው፣ ሙሉ ሲስተም ይሸከማል።

«ባለፈው ጦርነት» የተባለው የመቅደላው ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቦምቤይ በመርከብ ተጭኖ በ1867 መጨረሻ ቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ መውረድ ጀመረ። 13 ሺህ ገደማ ወታደር፣ ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ አጃቢና ሠራተኛ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንስሳ፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች። ወደብ ሠሩ፤ ባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ከዙላ በሰንዓፈ፣ በአዲግራት፣ በእንጣሎ አድርገው መቅደላ ደረሱ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ አምባው ተበረበረ፤ ጦሩ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ከዙላ ተሳፈረ። ጎንደርን አላያትም። ወደ ደምቢያ፣ ወደ ፀዳ፣ ወደነዚህ ሜዳዎች ዝር አላለም።

ድመቷ የተሰየመችው እንግዲህ በዚያ ወደብ ስም ነው። ከቦምቤይ በመጡ መርከቦች በተሞላ ወደብ። የሩዝና የዱቄት ከረጢት በተራራ በተከመረበት አይጥ ይኖራል፤ አይጥ ባለበት መርከብ ላይ ደግሞ ድመት ትጫናለች። ዙላ የምትባለዋ ድመት ከደጋ ወርዳ ይሁን ከሕንድ ተሳፍራ ሥዕሉ አይነግረንም። ዝርያው ግን ሌላ ምስክር አለው። ሆላንድ ውስጥ ሌይደን ከተማ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ1830ዎቹ አጋማሽ የገዛው ቆዳው ተሞልቶ የተቀመጠ ድመት አለ፤ ፀጉሩ የዛሬዋን አቢሲኒያን ይመስላል። መለያው ላይ የተጻፈው የትውልድ አገር ሕንድ ነው። ከመቅደላ 30 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በዘረ መል ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ዝርያውን ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ድመቶች ጋር ያቀራርቡታል። እኔ ከዚህ የምረዳው ሕንዳዊት ድመት የኛን ስም ይዛ መዞሯን ነው።

ይሄ ብቻ አይደለም። በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ የድመት ጂኖም ሲታተም የተመረጠችው ድመት አሜሪካ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የነበረች ሲናመን፣ በአማርኛ «ቀረፋ»፣ የምትባል ናት፤ ዝርያዋ አቢሲኒያን። ከዚያ በኋላ የሌላ ድመት ዘረ መል ሲነበብ ለዓመታት ይመሳከር የነበረው ከእሷ ጋር ነው። በኛ ሙያ ቋንቋ «ዲፎልት» ድመት ማለት ናት። የአገራችንን አሮጌ ስም የያዘች ዲፎልት፣ ሚዙሪ ውስጥ።

ከመቅደላ ከሄደው ሁሉ ድመት ምን ትቆጠራለች የሚል ይኖራል። ልክ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ሲያቃጥሉ የየቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ አስገብተው ነበር፤ ሊሠሩት ላሰቡት መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን። እንግሊዞች ምርኮውን 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ላይ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ሸጡት። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ከዚያው ወደብ በመርከብ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ፤ እሱም በ18 ዓመቱ በ1879 ሊድስ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ በ2023 እንኳ የተሰጠው መልስ እንቢ ነው። ልጅንና ድመትን በአንድ ሚዛን ማስቀመጤ አይደለም። የሚያመሳስላቸው የሁሉም መዝገብ የተጻፈው ከሄዱ በኋላ፣ በወሰዳቸው ሰው እጅ መሆኑ ነው። መጻሕፍቱን ዊሊያም ራይት በ1877 ካታሎግ አወጣላቸው። ድመቷን በ1889 ሃሪሰን ዊር የውድድር መስፈርት አወጣላት፦ ጆሮዋ እንዲህ፣ ቀለሟ እንዲያ።

እዚህ የቀረችዋስ? የቤት ድመት ሁሉ ዘር የሚመዘዘው ከዱሩ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ድመት ነው፤ የዚያ የዱር ድመት ዘመድ ዛሬም በኛው ቆላዎች ይኖራል። ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የእንስሳት ክፍል ውስጥ ከምዕራብ ቆላው ከራስ ፊል ያገኘውን አንድ የዱር ድመት ሥሎልናል፤ ቦት ጫማ ያጠለቀ ሊንክስ ብሎ ሰይሞታል። ቤተ መንግሥቱ ያከበረው ደግሞ ትልቁን ዘመዷን ነው። ፋሲል ግቢ የአንበሳ ቤት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ በለማዳ አንበሶች ተከበው የተሣሉበትን ሥዕል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለትንሿ የቀራት ተረትና ምሳሌ ነው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች። በአንዱ አስመሳይ ናት፣ በሌላው ገዳይ። አብራን የምትኖር አይደለችም።

አብራን ግን ኖራለች፤ ያውም ሥራ ይዛ። ደጋ ላይ እህል የሚቀመጠው በጭቃ በተሠራ ጎታ ነበር፤ ጎታ ያለ ድመት አይሆንም። መጻሕፍቱ በማኅደር ተደርገው ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትም ከእርጥበትና ከአይጥ ለመጠበቅ ነው። እኛ ቤተሰብ ውስጥ የድመት ልጅ በገንዘብ አይገዛም፤ ከጎረቤት ይለመናል፤ መንገዱን አይታ እንዳትመለስ በከረጢት ተሸፍና ትመጣለች። ወተት ይሰጣታል፣ ጾም ሲገባ ግን ወተቱ ለቅቤ ስለሚጠራቀም አይጧን ታድን። እሷ አትጾምም፤ ምሳሌው የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ስሟ ውሮ ነው። የሞተችዋም ውሮ፣ የምትተካትም ውሮ።

አሁን ፀዳ ውስጥ እህል በማዳበሪያ ነው የሚቀመጠው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኗል፤ ለአይጥ ደግሞ መርዝ አለ፣ ርካሽ ነው። የተመረዘ አይጥ የምትበላ ድመት አብራ ትሞታለች። አክስቴ ግቢ የነበረችው እንዲህ ነው የሄደችው፤ ከእሷ በኋላ ሌላ አልተለመነም። ጃፓን ውስጥ ድመት ከጎተራ ወጥታ አፓርታማ ስትገባ ሥራዋ ተቀየረ፤ እዚህ ሥራው እየቀረ ነው፣ አዲስ ቦታ ግን አልተሰጣትም። ስለዚህ «ድመቶች» የሚል ፋይል ከፍቼ ቤተሰቡ የሚያስታውሳቸውን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። ቀለም፣ ቦታ፣ ዓመት፣ ከማን ተለመነች፣ እንዴት ሄደች። እስካሁን 11 ደርሰዋል። ብዙውን የምትነግረኝ አያቴ ናት።

ከሁሉ የቆየችው የበለሳዋ ናት። አያቴ የበለሳ ሰው ናት፤ ፀዳ የመጣችው በ77ቱ ድርቅ ነው፤ 1977 ዓ.ም.፣ ጃፓኖቹ ማይክልን ማንበብ በጀመሩበት ሰሞን። ስለዚያ ዓመት ብዙ አታወራም። ስለ ድመቷ ስጠይቃት ግን አወራች።

«እማማ፣ ቀለሟ ምን ነበር?»

«ዳለቻ። ሆዷ ነጭ። ጅራቷ ጫፉ ላይ ጥቁር።»

«ሞተች?»

«አልሞተችም። ጎታው ባዶ ሲሆን አይጡ ሄደ። አይጡ ሲሄድ እሷም ሄደች። እኛ እኮ ከእሷ በኋላ ነው የወጣነው፤ ሁለት ሳምንት ይሆናል።»

«ወዴት ሄደች?»

«አንተ ልጅ፣ ድመት ወዴት እንደምትሄድ ተናግራ ትሄዳለች?» ብላ ሳቀች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግራ ጆሮዋ የተቀደደ ነበር። እሱንም ጻፍ» አለችኝ።